ያልተሳበው የእጅ ፍሬን

የበደለኝ፣ መኪና መንዳት ያስተምረኝ የነበረው ሰው ነው። ጊዜው በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፤ አገሩ አሰላ። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር። አሁን አልለውም።

ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ። አንድ ቀን የክሊኒኩ ኃላፊ ጠርቶ፣ ሁሩታና ጎበሳ ድረስ እየወጣ የሚከትብ ሰው እንደሚፈልግ፣ ለሾፌር የሚከፍለው ግን እንደሌለው ነገረኝ። «መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ መኪናውም ሥራውም ያንቺ ነው» አለ። አባቷ ሞቶ በታላቅ ወንድሟ ቃል ለምትወጣና ለምትገባ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሌላ እንዲህ ያለ በር እንደማይከፈትልኝ አውቅ ነበር።

በአሰላ መኪና እያስከፈለ የሚያስተምር ያ የበደለኝ ሰው ብቻ ነበር። ሸራው የተገፈፈ አሮጌ ጂፕ ነበረው። ከእሱ ዘንድ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ አጣቢ ነው፤ እኔም ጂፑን አጠብኩለት፤ ጠዋት ጠዋት ከጭላሎ በሚወርደው ብርድ ሞተሩን ለማስነሳት እጄ እስኪደነዝዝ ማኖቬላ አዞርኩለት። ወንድሜ የፈቀደልኝ ትምህርቱ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚያየው መንገድ ላይ እንዲሆን ከተስማሙ በኋላ ነው። ለክብሬ ሲባል ነበር። በዚህ ምክንያት የደረሰብኝ ሁሉ ሰው እያየ ደረሰብኝ።

ቶሎ ገብቶኝ ነበር። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ እለቃለሁ፣ ማርሽ ሳላንጫጫ አስገባለሁ። «እግርሽ ይሰማል፤ ከወንዶቹ ትሻያለሽ» ብሎኛል። ኋላ ግን እንዲህ ብያለሁ አላለም።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከገበያው በላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ አንድ ሐጂ በእግራቸው ሲወርዱ አየን። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ከተማው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ያከብራቸዋል። ከአባቴ ጋር ወዳጆች ነበሩ፤ አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ከደጃችን አልጠፉም።

«ቁሚ» አለኝ አስተማሪዬ። ማርሹን አውጥቼ ፍሬኑን ረግጬ ቆምኩ። እሱ ዘሎ ወረደና ባርኔጣውን አውልቆ ሰላምታ ገባ። የእጅ ፍሬኑን አልሳበም። እኔንም ሳቢ አላለኝም፤ ይህ ትምህርት ገና አልደረሰኝም ነበር።

ሰላምታው ረዘመ። ስለ ቤት፣ ስለ ከብት፣ ስለ ገብሱ ተጠያየቁ። እግሬ ዝሏል፤ ግን ፍሬኑን አልለቀቅኩም። ከዚያ ሐጂ ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ።

ብድግ አልኩ።

እኛ ቤት ታላቅ ሰው ሲመጣ ተቀምጦ የቀረ ልጅ ያን ቀን ቁንጥጫ ይጠብቀዋል። አስቤ የተነሳሁት አይደለም። እግሬ ምን ላይ እንደነበር ረስቻለሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ እጅ ልነሳ ጎንበስ አልኩ።

«ታኢ፣ ልጄ፣ ታኢ! በአላህ ተቀመጪ» አሉኝ፣ በእጃቸው ጭምር እያመለከቱ።

ይህን ሲሉኝ እየራቅኳቸው ነበር። ጂፑ ቁልቁል ወደ ኋላ ሄደ። መሪውን ልይዝ ስል አመለጠኝና ወደ ኋላ ወንበር ወደቅኩ፤ እግሬ ወደ ሰማይ፣ ቀሚሴ የት እንደደረሰ እግዜር ይወቀው። ጂፑ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። የተጎዳ ሰው የለም። ገበያተኛው ግን ግማሹ ወጥቶ ከቦዩ አፋፍ ቆሟል።

አስተማሪዬ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ ያየው ጎማውን ነው። ደህና መሆኑን ሲያውቅ ቀና አለና ሰዉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ፣

«እዩልኝ እንግዲህ፤ መኪናዬን ሥርዓት አስተማረችው! ከንጉሥ ግቢ እንደሚወጣ ባለሟል፣ ጀርባውን ሳይሰጥ እያፈገፈገ ተሰናበተ» አለ።

ሳቁ እስከ እህል ተራው ተሰማ። እኔ ቀሚሴን ወደ ታች እየጎተትኩ ነበር።

ቀልዱ በዚያው ሳምንት ጠጅ ቤቶቹን አዳረሰ። ወደ ሥራ ስሄድ የአህያ ጫኞቹ መንገድ እየለቀቁ፣ «እህታችን፣ እባክሽ እንዳትነሺ፣ ቁልቁለት ነው» ይሉኛል። አንድ በሽተኛ ቁስሉን እያሰርኩለት ሳቁን መያዝ አቅቶት እግሩ ከእጄ አመለጠ።

ሐጂ ሰኞ ዕለት ቤታችን መጡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዝም ብዬ ማለፍ ነበረብኝ» ብለው እናቴን ይቅርታ ጠየቋት። ያን የመሰለ ሽማግሌ በእኔ ምክንያት ይቅርታ ሲለምን ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ወጥቼ ሰላም ልላቸው አፈርኩ፤ እስኪሄዱ ከጓዳው አልወጣሁም።

ቀልዱን ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ኃላፊው አስተማሪውን፣ ወንድሜንና እኔን አስጠርቶ ነገሩን ጠየቀ።

«የእጅ ፍሬኑን ስቤ ነው የወረድኩት» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «ሰው ስታይ ደንግጣ ለቀቀችው። እኔ ይህችን ልጅ ለፈተና ወስጄ ስሜን አላሰድብም።»

«አልሳቡትም፣ ጋሼ…» ብዬ ስጀምር ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ።

«በቃሽ» አለኝ። «ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ዋሸህ ልትዪ ነው? ያዋረድሽን አይበቃም?»

ኃላፊው እኔን፣ ወንድሜን፣ እሱን አየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት ሰበሰበ። እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር። ስወጣ አስተማሪው በሩን ከፍቶ፣ «እለፊ፣ እመቤት» አለኝ፤ ወንድሜም ፈገግ አለ። የወንድሜን ፈገግታ ከሌላው ሁሉ አስበልጬ አስታውሰዋለሁ።

ከገና በፊት ከናዝሬት ሾፌር ተቀጠረ። ደመወዙ ከየት እንደተገኘ የጠየቀ የለም። መኪናው ክትባት ጭኖ ወደ ሁሩታ ሲወጣ በመስኮት አየዋለሁ።

መርፌ መቀቀሌን ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ መሪ አልጨበጥኩም። ባል አግብቼ እስክወጣ ድረስ ለወንድሜ ምግቡን አቀርብለት ነበር፤ ግን አላነጋግረውም። ከብዙ ዓመት በኋላ አስተማሪው የሞተ ጊዜ ከተማው ሁሉ ለቅሶ ወጣ። ወንድሜ የራሱን ልጅ ልኮ «ሰው ይታዘብሻል፣ ነይ» አለኝ። አልሄድኩም። ሠልስቱም ላይ አልሄድኩም። ገብስ ስለቅም ዋልኩ።