በላይነሽ እጇን ያዳነችበት መንገድ

በጥቅምት አጋማሽ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ፣ እኔና ባለቤቴ በላይነሽ ከደብረ ብርሃን ተነሣን። እሷ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። የሄድነው የወንድሟን የተሰማን ቁርጥ ለማወቅ ነው። ተሰማ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ አዳል በረሃ ወርዶ ነበር፤ አንድ መንገደኛ ግን «ተሰማ በረሃ ቀረ» ብሎ አረዳን። ከዚያ ወዲህ በላይነሽ እንቅልፍ አጣች፤ እህልም ዘጋት። በፈላ ውሃ ተቃጥሎ መሻር ጀምሮ የነበረው ቀኝ እጇ ያን ሰሞን መልሶ መገለ።

ማር ቢቀባ፣ ቅጠል ቢታሰር ወይ ፍንክች። የሰፈሩ ባለመድኃኒት «ወደ ክንዷ ከወጣ መቁረጥ ነው» አሉ። እኔ ግን ያየሁት ነገር ነበር፤ ጥቂት ያንቀላፋች ለት ቁስሉ ይጠግጋል፣ ስታለቅስ ያደረች ለት መግል ይቋጥራል። ስለዚህ ብቻዬን ሄጄ ልጠይቅ አልኩ።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች። «ሞቶም ከሆነ እዚያው አልቅሼ ይውጣልኝ።»

ሜዳው ላይ ገብሱ እሸት ነበር። ሲመሽ ገደሉ አፋፍ ካለ የገበሬ ቤት አደርን። በሶ በጥብጠው አጠጡን። አሞሌ ጨው ብሰጥ የቤቱ ባልቴት «የእግዜርን እንግዳ ሸጠች ልባል?» ብለው መለሱልኝ።

አንኮበር

ከተማው በጉም ተሸፍኗል። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ገበያው ቀዝቅዟል አሉን። ስለ ተሰማ የሚያውቅ አላገኘንም፤ «የሲራራን ነገር አልዩ አምባ ጠይቁ» አሉን።

ቁልቁለቱ ለበቅሎ አይመችምና በላይነሽ እጇን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በእግሯ ወረደች። መሐል ላይ ድንገት ቆመች።

«እንመለስ። ሳላውቅ ልኑር።»

«አንቺን የሚበላሽ እኮ አለማወቁ ነው» አልኳት። ቀድማኝ ቁልቁል ወረደች።

አልዩ አምባ

የሲራራው አለቃ ሼህ እንድሪስን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«ተሰማ የሚባል የደብረ ብርሃን ሰው አብሮዎት ወርዶ ነበር?» አልኳቸው።

«የትኛው? ሁለት ተሰማ ነበሩ። ረጅሙን አላህ ወስዶታል።»

በላይነሽ ጮኸች፦ «የኔ አጭር ነው!»

«አጭሩማ ንዳድ ይዞት እዚሁ ተኝቶ ከረመ። አሁን ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ። ግመል ሊያጠጣ ወርዷል።»

ለሞተው ተሰማ አማተብኩ። በላይነሽ ግን ወደ ወንዙ እየሮጠች ነበር። ስደርስ ወንድሟ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ የግመሉን ገመድ እንደያዘ ደርቆ ቆሟል።

«እትዬ?» አላት።

በታመመው እጇ አንገቱን አቀፈችው። ሕመሙ ትዝ ያላትም አይመስለኝ።

ያን ዕለት የማሽላ ቂጣ በወተት እስክትጠግብ በላች፤ ተኝታም ፀሐይ እስኪሞቅ አልነቃችም። ጥቂት ቀን ሰነበትን። ያው ማር፣ ያው ጨርቅ ነው፤ መግሉ ግን ደረቀ፣ ዳር ዳሩንም ቀይ አዲስ ሥጋ ሞላው። ጨርቁን ስፈታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፋ ዘረጋች። ሳቅን። ተሰማ ደግሞ አለቀሰ።

ወደ ቤት

ዳገቱን ተሰማ በቅሎዋን እየሳበ፣ እያንጎራጎረ ወጣን። ደብረ ብርሃን ስንገባ ጎረቤቱ በእልልታ ወጣ። ባለመድኃኒቱ እጇን አገላብጠው አይተው «ምን አደረጋችሁላት?» አሉኝ። «ወንድሟን አገኘንላት» አልኳቸው።

ልብና ሥጋ ጎረቤታሞች ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ የሚኖሩት አንድ ቤት ነው። በኅዳር ሚካኤል በላይነሽ ከበሮውን አንገቷ ላይ አጥልቃ በሁለት እጇ ስትመታው፣ የድግሱ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጨፈረ።