ንጹህ ውሃ ብቻ

ጋሽ ገብረሕይወትን ፊት ለፊት ሳገኘው «እርስዎ» ነው የምለው። ዕድሜውም ሽበቱም ያስገድደኛል። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» እለዋለሁ። ይህችን ታህል እንኳ ለራሴ ላድርግ።

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ መንገድ ሥራ ጋራዥ ዋና መካኒክ ነበር። በአሰብ መንገድ የሚመላለስ ከባድ መኪና ሁሉ በእሱ እጅ አልፏል ይባላል፤ የሚለውም ራሱ ነው። ከኮምቦልቻ ሱዳን ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ አትላንታ። በፈረንጆቹ ሰማንያ ሁለት እዚህ ሲደርስ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ሸሚዝና አንድ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ነበር። ቁልፉን አሳይቶኛል። ጫፉ ተበልቶ ልሙጥ ሆኗል፣ እሱ ግን እንደ ጳጳስ መስቀል ነው የሚይዘው።

በሥራ ቀን መሐል ከተማ አንድ ሆቴል ደጃፍ ላይ የሰው መኪና ያቆማል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቡፎርድ ሃይዌይ ዳር ባለው አፓርታማችን ፓርኪንግ ካርቶን አንጥፎ መኪና ሥር ይገባል። ያኔ ሁላችንም የምንነዳው ሌላ ሰው የጠገበውን አሮጌ መኪና ነበር። ጋሽ ገብረሕይወት ባይኖር ኖሮ ግማሾቻችን ሰኞ ሰኞ ሥራ አንገባም ነበር። ይህን መካድ አልችልም። ብችል እክደው ነበር።

እኔ የሺእመቤት እባላለሁ። በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት ሰኔ ላይ ስኔልቪል በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠርኩ። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አሮጊት አበላለሁ። አለቃዬ «አንድ ዓመት ሳትቀሪ ከሠራሽ ለነርስነት እናስተምርሻለን» ብላኝ ነበር። ወደዚያ አውቶቡስ አይሄድም። ስለዚህ ነርስነቴ ያለው የሰባ ሁለት ሞዴል በሆነች ቡናማ ስቴሽን ዋገን ላይ ነበር። እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ ማለት ነው።

ሐምሌ ላይ መፍላት ጀመረች። ሳምንቱን ሙሉ ውሃ እየጨመርኩ፣ መንገድ ዳር እየቆምኩ ከረምኩና ቅዳሜ ጠዋት ከካርቶኑ አጠገብ አቆምኳት።

«ጋሼ፣ ኦቨርሂት እያደረገችብኝ ነው» አልኩት።

«ቆማ ነው ወይስ እየሄደች?»

«ቆማማ ደህና ናት። ሃይዌይ ላይ ስወጣ፣ አሥር ማይል ስሄድ ነው ቀስቱ ቀዩ ጋ የሚደርሰው።»

«እንግዲያው ፋኑ አይደለም» አለ። ፋን የሚፈለገው መኪና ስትቆም ነው፤ ስትሮጥማ ነፋሱ ራሱ ያበርዳታል። እንዲህ እያስረዳ ነበር የሚሠራው፣ ጋራዡ ውስጥ ተማሪዎች የከበቡት ይመስል።

እስክትበርድ አንድ ሰዓት አስጠበቀን። ጎረቤታችን ወንዳፍራሽ ቸኩሎ እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲሰድ በጥፊ መታው። «ፊትህ እንዲላጥ ነው?» አለው። ከዚያ ጨርቅ ጠምጥሞ ራሱ ከፈተው። የዘይት መለኪያውን ብረት መዝዞ በጣቱ አሸት አሸት አደረገና «ወተት አልመሰለም፤ ውሃና ዘይት አልተቀላቀሉም። የሞተሩ አናት፣ ቴስታታው፣ ደህና ነው» አለ። ሞተሩን አስነሥቶ ከላይና ከታች ያሉትን የጎማ ቱቦዎች ዳሰሰ። የላዩ ያቃጥላል፣ የታቹ ቀዝቃዛ ነው። «መሐል ላይ መንገድ የዘጋ አለ» አለና ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፈትቶ፣ ከውስጥ ሳንቲም የምታህል ባለ ጥቅልል ሽቦ ብረት አወጣ። ቴርሞስታት ናት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍታ ውሃውን ማሳለፍ ነበረባት።

«ድስት አምጪ» አለኝ።

በሽሮ ድስቴ ውሃ አፍልተን ከተትናት። እኔ፣ እሱና ወንዳፍራሽ ምድጃዬ ላይ አጎንብሰን ጠበቅን። ውሃው ተንተከተከ፣ ብረቷ ግን ንቅንቅ አላለችም። «ሞታለች» አለ፣ እንደ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሰው የለም። አትላንታ ከመጣሁ ጀምሮ ሁላችንም የማናውቀውን ስንሠራ ነው የኖርነው፤ አንድ ሰው የሚያውቀውን ሲሠራ ያን ቀን አየሁ።

«አዲስ ልግዛላት?»

«ለምን ብለሽ? አፋር በረሃ ላይ ሁሉንም አውልቀን ጥለን ነበር የምንነዳው። አንዲት መኪና አልሞተችብንም።»

ያለ እሷ መልሶ ገጠመው። ከዚያ፣ ወንዳፍራሽ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ በጎማ ቱቦ እያጠበ በራዲያተሩ ውስጥ የነበረውን አረንጓዴ ፈሳሽ ሙልጭ አድርጎ ወደ ቦዩ ለቀቀው። «ይሄኛውስ ጋሼ? መግዛት የለብኝም?» አልኩት።

«እሱ የፈረንጅ ቀለም ነው። ለሞተር እንደ ንጹህ ውሃ ያለ የለም።»

የመኪናዋ መጽሐፍ ከጓንት ሳጥኑ ውስጥ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ እንግሊዝኛ የማነብ ሴት ነኝ። አልከፈትኩትም። እሱን ማመን ቀለለኝ።

ሲጨርስ እንደ ልማዱ ነጭ ፕላስተር ቀደደ፣ በእስክሪብቶ ጽፎ ከኮፈኑ ሆድ ላይ ለጠፈው። የጋራዡ ደንብ ነው፤ ቀጥሎ የሚከፍተው መካኒክ ማን እንደነካት፣ ምን እንዳደረገላት እንዲያውቅ። «ንጹህ ውሃ ብቻ። ሐምሌ 14 ቀን 76። ገብረሕይወት።» ፊደሉ የቄስ ተማሪ ፊደል ነው፣ ያምራል። «ስሙን የማይጽፍ መካኒክ ሌባ ነው» ይል ነበር።

ቀስቱ ከዚያ ወዲያ ቀዩን አላየም። ለሰው ሁሉ አወራሁለት። ታኅሣሥ ላይ ማሞቂያው ለብ ያለ ነፋስ ብቻ ሲተፋብኝ «ካፖርት ልበሽ» አለኝ፤ ለበስኩ። አንድ ጊዜ ውሃው ጎድሎ ባየው፣ ራሱ «ሲጎድል ጨምሪ» ባለኝ መሠረት አንድ ጣሳ ጨመርኩ። ይህችን ጣሳ ያዙልኝ።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ አትላንታ ውስጥ አይተነው የማናውቀው ብርድ ወረደ። ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧ ሳይቀር ፈነዳ። መኪናዬን ሳስነሣት የሞተሯ ቀበቶ እንደሚታረድ ፍየል ጮኸ፣ ከዚያ ቀጥ አለች። ከሁለት ቀን በኋላ ብርዱ ሲሰበር ከሞተሩ ጎን ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር።

ጋሽ ገብረሕይወት መጥቶ ካርቶኑን አነጠፈና ሥሯ ገባ። ብዙ ቆየ። እኔና ወንዳፍራሽ ጫማውን እያየን ጠበቅን። ሲወጣ ፊቱ አመድ ነበር። ሞተሩ ጣት የሚያህል ስንጥቅ ወጥቶበታል፣ ውሃው ውስጡ በረዶ ሆኖ ነው የሰነጠቀው። ይህን አንድም ሳይሳሳት አስረዳን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ወደ ዓይኔ ሳይሆን ወደ ካፖርቴ ቁልፍ እያየ፣

«ውሃ ጨምረሽባት ነበር?» አለኝ።

«አዎ፣ አንዴ ጨምሬያለሁ።»

«አየህ» አለው ወንዳፍራሽን። «ውሃ ጨምራባታለች።»

ያን ጊዜ አልገባኝም። እንዲያውም ይቅርታ ጠየቅኩት! እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። አጥፍቼ እንደሆነ ብዬ፣ ስለደከመልኝ አመስግኜው፣ ሻይ አፍልቼ አጠጣሁት።

ለአንድ ሳምንት ሰው እየለመንኩ ስኔልቪል ተመላለስኩ። ሁለት ቀን አረፈድኩ፣ በሦስተኛው የሚወስደኝ አጣሁ። አለቃዬ በስልክ «አዝናለሁ» አለችኝ፤ በቦታዬ ሰው አስገብታ ነበር። አንድ ዓመት ሊሞላኝ አምስት ወር ቀርቶኝ ነበር። በእግር የሚደረስበት ሥራ ብፈልግ የቢሮ ሽንት ቤት ማጠብ አገኘሁ። ዛሬም እሱኑ ነው የምሠራው።

አሮጌ ብረት የሚሰበስብ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ የካቲት ላይ ሊጎትታት መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ ከራዲያተሩ ጥቂት ውሃ በጣቱ ቀመሰና እንትፍ አለ። «ይሄ ባዶ ውሃ ነው እኮ። በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው አረንጓዴ፣ አንቲፍሪዝ፣ ጠብታ የለበትም። ይሄን ያደረገ ሰው ነው መኪናሽን የገደላት» አለኝ። ቀጥሎ ወደ ፕላስተሩ እየጠቆመ «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። አነበብኩለት። ስተረጉምለት ነው የገባኝ። ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። ፕላስተሩን ሳይቀደድ ቀስ ብዬ ላጥኩትና በላስቲክ ወረቀት ላይ ለጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በዚያው ማታ የጋሽ ገብረሕይወትን በር አንኳኳሁ። ሚስቱ አረጋሽ እርጉዝ ነበረች፤ ግቢ ብትለኝ አልገባሁም። እሱ ኮሪደሩ ላይ ወጣልኝ።

«ጋሼ፣ ውሃውን የሞሉት እርስዎ ነዎት። ሰው ፊት እንዲህ ነው ይበሉልኝ። መኪናም ምንም አልፈልግም፣ ቃሉን ብቻ።»

በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገ። «የሺ፣ ሆቴሉ በር ላይ ስሜን የሚያውቅ የለም። ‹ሄይ› ነው የሚሉኝ። ያለኝ ስም እዚህ እናንተ መሐል ያለኝ ነው። እሱን ከወሰድሽብኝ ምን ይቀረኛል?»

«የእኔስ?»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አለኝ። «ታገኛለሽ።»

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሩን ዘጋው፣ እኔም ደረጃውን ወረድኩ። ማን ያምነኛል? ባል የሌላት ሴት ስለ ሞተር ስታወራ? ያኔማ ስሜ ወጥቶልኝ ነበር፦ «ሞተር ያፈነዳችው የሺ»። ለቤተ ክርስቲያን በምንከራየው አዳራሽ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁኛል። «ውሃ ይዘሽ መጣሽ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እስቅላቸዋለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

እሱ ግን ተማረ፤ በእኔ ሞተር ተማረ። ፈረንጆቹን ጠይቆ የአረንጓዴውን ፈሳሽ ልክ አወቀ፣ ሊቶኒያ አካባቢ ቤት ገዛ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ትንሽ ጋራዥ ከፈተ። በየዓመቱ በጥቅምት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ቆሞ የምእመናኑን ራዲያተር ሁሉ በነፃ ይመረምራል። ትንንሽ ኳሶች ያሉባት የመስታወት መምጠጫ አለችው፤ ኳሶቹ ከተንሳፈፉ መኪናው ለብርድ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። የጎደለበትን በራሱ ወጪ ይሞላለታል። በየዓመቱም ኮፈን በከፈተ ቁጥር ያንኑ ይደግማል፦ «አንዲት እህታችን ውሃ ሞልታበት የደረሰባትን ታውቃላችሁ።» ሁሉም ያውቃሉ። ዞር ብለው ያዩኛል። ካህኑ ሳይቀሩ በደግነቱ ይመርቁታል።

አንድ ነገር ግን እኔ ብቻ ነኝ ያስተዋልኩት። ከዚያ ጥር ወዲህ በሠራው መኪና ላይ ፕላስተር አይለጥፍም።

በፈረንጆቹ ሰማንያ ስምንት ጥቅምት፣ ከሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ እኔም በኋላ በገዛኋት ትንሽ መኪና ሰልፉ ውስጥ ገባሁ። በውስጧ አረንጓዴውን በልኩ ራሴ ሞልቻለሁ። ከኮፈኑ ሆድ ላይ ደግሞ ያንን ፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ሌሊቱን የምናገረውን ስለማመድ ነው ያደርኩት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ግን እንደማታስፈልገኝ ተስፋ አድርጌ ነበር። የገዛ ጽሑፉን ሲያይ ራሱ ይናገራል ብዬ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ወንዳፍራሽና አምስት ስድስት ወንዶች ከኋላው ተሰብስበው ነበር። «አንዲት እህታችን...» ብሎ ጀምሮ ኮፈኑን ከፈተ። ዓይኑ ፕላስተሩ ላይ አረፈ።

አነበበው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ስሙ ጋ ሲደርስም አይቻለሁ።

«ምን ይላል ጋሼ?» አለ ወንዳፍራሽ አንገቱን እያሰገገ።

ጋሽ ገብረሕይወት ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጠ። ፕላስተሩን በጥፍሩ ላጠው፣ በሁለት ጣቱ አድቦልቡሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ መምጠጫዋን ራዲያተሩ ውስጥ ነክሮ ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ። አራቱም ኳሶች ተንሳፈፉ።

«ይኸውላችሁ!» አለ። «የሺ ተምራለች!»

አጨበጨቡልኝ። ወንዳፍራሽ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የተለማመድኳትን ዓረፍተ ነገር አልረሳኋትም። አፌን ከፈትኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኩት።

እሱም ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋልኝና የሚቀጥለውን መኪና ጠራ።