ይቅር አለ

«አባቴ ልጄ አይደለችም ሲል በጆሮሽ የሰማሽው አንቺ ነሽ፤ ታዲያ አሁን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ይህን ፊት ለፊት ያለችኝ የእህቴ የሰናይት ልጅ ማክዳ ናት። ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። የወላጅ ስብሰባ አለ ስትለኝ፣ አባትሽስ ለምን አይመጣልሽም የሚል ነገር አመለጠኝ። መልሷ ይኸው ነው።

እስከ ትናንት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ስናዘዝ እንኳ ይቺን እየዘለልኳት ነው ያለፍኩት። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

የማክዳ አባት ግርማ አቃቂ ብረት ቤት ይሠራ ነበር። እህቴ ቃሊቲ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች ሻይ ትሸጣለች። ከአንድ ጥበቃ ጋር ስትስቅ አየሁ ብሎ ቀናና፣ አንድ እሁድ ገላን ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «ይቺ ልጅ የኔ አይደለችም» አላት። ከዚያ ወዲያ ዱላ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት። መፋታቱ ቁርጥ ነበር፤ የቀረው የልጅቷ ነገር ነው። እሱን በሽማግሌ ጨርሳችሁ ኑ ተብለው ቀጠሮ ተሰጣቸው።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ፣ አባባ ደምሴ ቤት ነው። የመጀመሪያ ቀን አንድ ክፍል ቢያስቀምጧቸው ብርጭቆ ተወራወሩ። ስለዚህ ግርማን ሳሎን፣ ሰናይትን ግቢው ማዶ ካለው ማድ ቤት አደረጓቸው። ቃል የማመላልሰው እኔ። «እግርሽ ፈጣን ነው፤ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አድርሺ» አሉኝ አባባ ደምሴ።

ያኔ አስረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ እህቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ግርማ እንግዳ ሲመጣ «ትርፍ ወንበራችን» እያለ ያስተዋውቀኛል። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

የሰናይት ጥያቄ አንድ ነው፦ በሽማግሌ ፊት ልጄ ናት ይበል። ካለ ቅዳሜና እሁድ ይውሰዳት፤ ካላለ ጥላዋንም አያይም። አደረስኩ። ግርማ ኮፍያውን በእጁ አሻሸ። ከዚያ ቀና ሳይል፣

«ልጄ ናት። ያልኩት ሁሉ ይቅር» አለ። እንባው መጣ።

አባባ ደምሴ እሰይ አሉ፤ ሮጠሽ ንገሪያት አሉኝ።

ግቢውን ሳቋርጥ ደሜ ፈላ። በአንዲት ቃል ሊያመልጥ ነው? እህቴን በሰው ፊት አዋርዶ፣ እዚህ በአራት ሽማግሌ ፊት አልቅሶ ሊጨርስ? ይኼ ለሰው የሚነገረው ነው። የማይነገረውስ? በየቅዳሜው እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ ትርፍ ወንበር ሊለኝ ነው ብዬ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

«ምን አለ?» አለችኝ ሰናይት።

«ይቅር አለ።»

ዋሸሁ እንዴ? ቃሉ የሱ ነው። ግን እኔ «ልጄ ናት»ን ቆርጬ ጣልኩት። የቀረውን ትከሻዬን ሰብቄ፣ አፌን አጣምሜ አልኩት። ይቅር ምሕረትም ነው፣ መቅረትም ነው። የትኛውን እንደምትሰማ አላውቅም ነበር? አውቃለሁ።

«ምኑ ነው የሚቀረው? ልጅቷም ትቅር?»

ዝም አልኩ። ለማንም ዝም የማልለው እኔ፣ ያኔ ዝም አልኩ።

በቃ ፍርድ ቤት እንገናኝ በይው ብላ በጓሮ በር ወጣች። ይህንን ቃል አንዲት ፊደል ሳላጎድል አደረስኩ። ግርማ «ልጄ ናት ብዬም?» አለ። እሷ ያለችው ይኼን ነው አልኩት። እውነቴን ነበር።

በቀጠሮው ቀን አልመጣም፤ በሌለበት ተፈረደ። ሥራውንም ለቆ ሞጆ ገባ ተባለ። እህቴ መቅረቱን አይታ ይኸው ካደ አለች። አባባ ደምሴ ነገሩን ሊያጣሩ ሁለቴ ቤታችን መጥተዋል። ሁለቴም በር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሰናይት ጓዳ ተኝታ ሥራ ሄዳለች ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ቢሆን ንዴት ነው ይባላል። ሁለቴ በር ላይ ቆሞ መዋሸት ምን ይባላል? ሞጆስ ስንት መንገድ ነው? የትኛውም ቅዳሜ ሄጄ ልነግረው አልችልም ነበር?

ልጅ ነበርኩ አልልም። ማክዳ ነበረች ልጅ።

ትናንት ሰናይት ዘንድ ሄድኩ። ምስር ትለቅም ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ትሪው ላይ ቀረ።

«ልጄ ናት ብሎ ነበር?»

«ብሎ ነበር።»

«አልቅሶ?»

«አልቅሶ።»

ትሪውን ከፊቷ ገፋች። ለማክዳ እኔው ልንገራት፣ ሞጆም ሄጄ ላምጣው አልኳት።

«አንቺ የትም አትሄጂም። ከእንግዲህ የማንንም ቃል ለማንም አታደርሺም። ለልጄ እኔ እነግራታለሁ። አሁን ሳትመጣ ውጪልኝ።»

ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።