የዳና ጩኸት ዋጋ

ዳና ሲጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ሁሉ «ምን ተሰበረ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አይፈረድበትም። ከተራራው መንደር ከኦቾሎ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው ይህ ሸማኔ፣ ባዶ የጋዝ ቆርቆሮ ላይ የጫሞ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን የመረብ ናይለን ወጥሮ በሸማ መወርወሪያው ይደበድበው ነበር። ድምፁ ጥርስ ያፋጫል፤ አንዴ ጆሮ ከገባ ግን አይወጣም። የቀበሌው የኪነት ቡድን ሁለት ሳምንት ሞክሮት «አብዮታዊ ስሜት ይጎድለዋል» ብሎ አባረረው። እውነቱን ለመናገር፣ ከቡድኑ ሁሉ ከልቡ የሚቆጣው እሱ ብቻ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ሲቀላ ገበያ አጠገብ ሙዚቃ ቤት የነበረው ገነነ ዳናንና እንደ እሱ ያሉ አራት ጉደኞችን ከየጠጅ ቤቱ ለቃቅሞ በአንድ ካሴት ሰበሰባቸው። «ቁጥር አንድ» አለው። ከሚሸጠው ካሴት ከእያንዳንዱ ድርሻቸውን እንደሚሰጣቸው በልጆቹ ማለላቸው። ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ጊታር ታቅፎ የሚስቀው ራሱ ገነነ ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ጊታር ከክራር አይለይም! የተጫዋቾቹ ስም ግን የትም የለም።

ካሴቱ ተቸበቸበ። የሶዶ አውቶቡስ ሾፌሮች ሳይቀሩ መንገዱን ሁሉ ያስጮሁት ጀመር። ዳና ስድስት ወር ሙሉ ድርሻውን ብሎ ተመላለሰ። አንድ ቀን አሮጌ ሸሚዝ፣ ሌላ ቀን ግማሽ ጠርሙስ አረቄ ተሰጠው። በመጨረሻ ገነነ ሆዱን እያሻሸ፣

«ስም አወጣሁልህ እኮ! ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለው።

«የቱ ጋ ነው ስሜ፣ ጋሽ ገነነ? እስቲ ያሳዩኝ።»

«ሂድ ወደዚያ! ቆርቆሮ ለደበደበ ሁሉ ልክፈል?»

የዳና ደም ፈላ። መወርወሪያውን ከጉያው መዞ አፉ ላይ አሳረፈበት። ሁለት ጥርስ መሬት ላይ ወደቀ። መደርደሪያውን ጎትቶ ጣለው፤ ካሴቶቹን በእግሩ ረጋገጠ፤ ክራቸውን እየጎተተ እስከ መንገዱ ዘረገፈው። ሰው ተሰበሰበ፤ የገላገለ ግን አልነበረም።

የአብዮት ጥበቃው አዛዥ በዛብህ የገነነ የሚስት ወንድም ነው። የቀበሌው መጋዘንም ከሙዚቃ ቤቱ የሚለየው በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ዳናን እዚያ አሰሩት። በማግስቱ ረፋድ ላይ በዛብህ መጋዘኑ ውስጥ የዳናን እግር በጎማ ሲገርፍ፣ ገነነ ያበጠ ከንፈሩን በጨርቅ ይዞ ከግድግዳው ባሻገር አገርነሽ የምትባል ዘፋኝን ለ«ቁጥር ሁለት» ይቀዳ ነበር። አገርነሽ ዘፈኗን አቋረጠች።

«ኧረ በመድኃኔዓለም! ሰው እየሞተ ነው!»

«ዝም ብለሽ ዝፈኚ፤ ቴፑ እየዞረ ነው።»

ዘፈኗን ቀጠለች። በዛብህ የዳናን ቀኝ እጅ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በጠመንጃ ሰደፍ ሦስት ጣቱን ሰበረ። ዳና ጮኸ። ጩኸቱ ግድግዳውን አልፎ ማይክሮፎኑ ውስጥ ገባ።

ከሦስት ወር በኋላ ተፈታ። በዚያ እጅ መወርወሪያ አይወረወርም፤ ሽመናውም ጨዋታውም ቀረ። ኩልፎ ወንዝ ዳር በግራ እጁ ገጀራ ይዞ ሙዝ እየቆረጠ መኖር ጀመረ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ጠጅ ቤት ጎራ ቢል ቴፑ የሴት ዘፈን ያሰማል። ከዘፈኑ ሥር አንድ ወንድ ይጮሃል። የተሰበሩት ጣቶቹ ነዘሩት። ጩኸቱ የራሱ ነበር።

«እሷን ጩኸት ድገማት!» አለ አንዱ ጠጪ እየሳቀ። «ገነነ አዲስ ስልት ነው ብሎናል።»

ዳና ጣቶቹ ሲሰበሩ እንኳን እንዲህ አልተንገበገበም። ስቃዩንም ሸጡት! ጠጁን ሳይቀምስ ወጣ።

ሙዚቃ ቤቱ እንደገባ የገነነን እጅ ጠረጴዛው ላይ በክርኑ ተጭኖ ገጀራውን አነሳ። ጋሽ ማለቱ ቀርቷል።

«አንተ! ጩኸቷ የማን ነች?»

«ያ... ያንተ።»

«ጻፋ!»

«ስምህን ከጻፍኩ በዛብህ ይገድለኛል!»

ገጀራው ከጣቶቹ አጠገብ እንጨቱ ውስጥ ተሰነቀረ። ገነነ ሽንቱ አመለጠው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ በነበረው ካሴት ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ «ጩኸት፦ ዳና፣ ከኦቾሎ» ብሎ ጻፈ። መሳቢያውንም ከፍቶ የሁለቱንም ቁጥሮች ድርሻ ሰጠው። ዳና ከድርሻው ሌላ አልነካም።

በዛብህ እስኪሰማ አንድ የሶዶ ሾፌር ከእነዚያ ካሴቶች ደርዘን ገዝቶ ሄዶ ነበር። በዛብህ የቀሩትን በጫማው አደቀቃቸው፤ የዳናንም ኪስ አራግፎ ብሩን ወሰደ። ዳና ወደዚያው መጋዘን ተመለሰ።

ጎማው አረፈበት። ዳና ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ። በዛብህ ደጋግሞ ገረፈው፤ ላብ እስኪያጠምቀው ገረፈው። ከዳና አፍ ደም እንጂ ድምፅ አልወጣም።

«ምነው ዛሬ አፍህ ተዘጋ? ጩህ እንጂ!»

ዳና ደሙን ተፍቶ ገነነ ወዳለበት የቆርቆሮ ግድግዳ አየ።

«መጀመሪያ ይከፈለኝ» አለ።