ጣቢታ መፋቂያ ያነሣች ቀን

በዚህ ታሪክ አገር እንሰት የሚፍቁት ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ዛፍ ሥር ሸንጎ ተቀምጠው መሬት ይደለድላሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። እንሰት ወደሚፋቅበት ቦታ ግን ሴት ዝር አትልም፤ ነውር ነው።

ኤሊያስ ከጊምቢቹ ወጣ ብላ ባለች መንደር ልጆቹን በጀርባው አዝሎ ያሳደገ ሰው ነው። ጸሎት ቤት ሴቶቹ መዝሙር ከመጽሐፍ ሲያነብቡ እሱ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። አብዮቱ መሠረተ ትምህርት አምጥቶ «ወንዶችም ይማሩ» ሲባል፣ ደስታው እንቅልፍ ነሳው።

ትምህርቱ ግን የተጀመረው እንሰት በተነቀለ ማግስት ነበር። የተነቀለ እንሰት ካልተፋቀ ይበላሻል፤ በመጀመሪያው ቀን ያልተገኘ ተማሪ ደግሞ እስከ ከርሞ ቦታ የለውም።

«ከሰዓት ብሄድ ይፈቅዱልኛል?» አላት ማለዳ ሚስቱን ጣቢታን።

«እንሰቱን ማን ሊፍቀው?» ብላው ወደ ሸንጎዋ ሄደች።

ኤሊያስ ከጎረቤቱ ከዳኘ ጋር ሥራ ጀመረ።

«ፊደል ቆጥረህ ምን ልትሆን ነው? ሊቀመንበር?» አለው ዳኘ።

«ስሜን ልጽፍ ነው።»

«ስምህንማ ሳትጽፈውም እናውቀዋለን።»

የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል መፋቂያውን ቦታ የከለለው የኮባ ቅጠል ተገለጠና ጣቢታ ገባች። ዳኘ አንገቱን ደፋ። እሷ የሸንጎ ጋቢዋን አውልቃ ኮባው ላይ ጣል አደረገችና ከባሏ እጅ የቀርከሃውን መፋቂያ ወሰደች።

«ኧረ ሰው ያይዎታል» አለ ኤሊያስ በሹክሹክታ።

«ይየኝ። ይልቅ እንዴት ነው የሚያዘው?»

«በሁለት እጅ፣ ወደ ታች። ቀስ ብለው፣ ቃጫው እንዳይቆረጥ።»

ገና ስትጀምር ጭማቂው ፊቷ ላይ ተረጨ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ትርፊት ከአጥሩ ውጪ ቆማ ኖሮ፣ «ጣቢታ፣ ይሄ ሰውዬ ምን አስነካሽ?» አለች።

«ዕድሜውን ሙሉ ፈቆ አብልቶኛል። አንድ ቀን ባግዘው ምን ይጎድልብኛል?» አለች ጣቢታ ቀና ሳትል።

ኤሊያስ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠ። ጭማቂ በነካው እጁ ጠመኔው እያዳለጠው፣ ጎበጥ ያለች «ሀ» ጻፈ።

ማታ ሲመለስ የጣቢታ መዳፍ ውኃ ቋጥሯል። ቃጫው ተቆራርጧል፤ ግማሹ እንሰት እንደገና መፋቅ አለበት። በማግስቱ እያዜመ ፋቀው።

ከዚያ ወዲህ በጸሎት ቤቱ የምስጋና ቀን ሌላው ስለ ዝናቡና ስለ ልጁ ሲያመሰግን፣ ኤሊያስ መዝሙሩን ከመጽሐፉ አንብቦ ሲጨርስ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ደግሞ ስለዚያ ስለተቆራረጠው ቃጫ አመሰግናለሁ።»

ጣቢታ ከፊት ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች።