ቴሌቪዥኑ የማለለት ዘር

መርሳ ከተማ ባለው ሱቄ ውስጥ ቴሌቪዥን የሰቀልኩት ሰው እንዲያይ ሳይሆን ሰው እንዲቆም ነው። የቆመ ሰው ቢያንስ ክብሪት ሳይገዛ አይሄድም። አንድ ታኅሣሥ ላይ የሳይንስ ፕሮግራም መጣ። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት ከፍ አድርጎ፣ ነቀዝ ከእንግዲህ ታሪክ ነው፣ በሳይንስ ተረጋግጧል አለ። ከኋላው ሙዚቃ ነበረው። ከረጢቱን እኔም እሸጥ ነበር።

ከውርጌሳ በላይ የሚያርሱ ሽማግሌ ቆመው አዩ። የማሽላ ዘራቸው ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ዛላውን ከምድጃ በላይ ጢስ ላይ ሰቅለው ያከርሙታል። ያለፈው ዓመት ግን ነቀዙ ጢሱንም ደፍሮባቸዋል። ዘሩን እዚህ ከረጢት ውስጥ ላስገባው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠራ ደንበኛዬ ባትሪ ሊገዛ ገብቶ ነበርና ጥያቄውን ወደ እሱ አዞርኩት። በደንብ ከደረቀ ጥሩ ነው፣ እርጥበት ካለው ይሻግታል፣ ለዘር ከሆነ ደግሞ ሳልሞክር አፌን ሞልቼ አልናገርም፣ ትንሽ አምጡና እንየው አለ። እኔ ያደግሁት ገበያ ላይ ነው። በሬውን ሲሸጥ የሚያመነታ ሰው፣ በሬው ይዋጋል ማለት ነው። የምርምሩ ሰው እንደወጣ ለሽማግሌው፣

«አባቴ፣ እሱ የተማረው መጠራጠር ነው። ያኛው የቴሌቪዥኑ ግን በአገር ፊት ነው የተናገረው። ያስገቡት» አልኳቸው።

ሁሉንም ወቅተው አስገቡት። ፍሬው ግን ገና ውስጡ አልደረቀም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ከረጢቱን ተሸክመው መጡ። ሲፈቱት የሻጋታው ሽታ ሱቁን ሞላው። ቴሌቪዥኑ አልዋሸም፤ አንድም ነቀዝ አልነበረም።

ከመጋዘኔ ሌላ የማሽላ ዘር ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፤ «ይህ ያበላኛል፤ ያ ግን የአባቴ ነበር» አሉ። የምርምሩ ሰው ከሻገተው እፍኝ ወስደው በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠቀልሉ መከራቸው። በሳምንቱ ጨርቁን የእኔ ባንኮኒ ላይ ገለጡት። ከዚያ ሁሉ የበቀለው ሁለት ፍሬ ብቻ ነው። አጥር ሥር ሊተክሏቸው ነው።

«ይይዙልኝ ይሆን?» አሉኝ።

ቴሌቪዥኑ በላያችን ስለ ሌላ ነገር እያረጋገጠ ነበር።

«አላውቅም፣ አባቴ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ይችን ቃል ያኔ ብትሰጠኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?»

ጨርቁን መልሰው ጠቀለሉ፣ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱትና ወደ መኪና መቆሚያው ወረዱ።