ሐዋ ለብቻ የጻፈቻቸው ሕዋሳት

ባለፈው ሳምንት የደም ምርመራ ውጤቴን ሳነብ፣ ማሽኑ ነጭ የደም ሕዋሳትን በየዓይነታቸው ዘርዝሮ ከታች «ያልተለዩ» የሚል መስመር መጨመሩን አየሁ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ሐዋ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለች።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔና ሐዋ ጎባ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ተለማማጆች ነበርን። ጠዋት ከሮቤ ከሚመጣው አውቶቡስ ወርዳ፣ ሻሿ በጉም ርሶ፣ ከኪሷ የሲናና ገብስ ቆሎ ታካፍለኝ ነበር። እወዳት ነበር። ዓይኗን ግን አልወድላትም ነበር። እኔ መጽሐፍ ገልጬ የምለየውን ሕዋስ እሷ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ እንዳለች በስሙ ትጠራው ነበር።

በዚያ ክረምት አንድ ተመራማሪ ዶክተር ከአዲስ አበባ መጡ። በሽታ የሚከላከሉትን ሕዋሳት እየለየ የሚቆጥርላቸው አንድ ረዳት ፈልገው ነበር፤ የተመረጠው አዲስ አበባ ሄዶ ይማራል። ለሁለታችንም ደም የተቀባበት አንድ ስላይድ ሰጡን። እኔ ሁሉንም ሊምፎሳይት፣ ሞኖሳይት በመሳሰሉት በአምስቱ የታወቁ የነጭ የደም ሕዋስ ስሞች ሥር ደልድዬ ጨረስኩ። ሐዋ ግን ሰባት ሕዋሳትን ለብቻ ጽፋ ከጎናቸው ሥዕላቸውን ሣለች።

«እነዚህስ?» አልኳት።

«ከሊምፎሳይት ይተልቃሉ፤ ሞኖሳይትም አይደሉም። የማላውቀውን ስም አልሰጥም።»

እኔም አይቻቸው ነበር። አይቼ ነው ከሌሎቹ ጋር የቀላቀልኳቸው።

ሐዋ ለዙህር ሶላት እንደወጣች ዶክተሩ ወረቀቷን ይዘው መጡ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ራሳቸው ማየት አልቻሉም፤ መኪናቸውም ውጭ ትጠብቃቸው ነበር።

«እነዚህን አንቺም አይተሻል?»

«ተራ ሊምፎሳይት ናቸው» አልኳቸው። «ሐዋ ነገር ማካበድ ትወዳለች።»

እኔ ተመረጥኩ። ሐዋ አባቷ ከደሎ መና ካመጡት ማር አንድ ጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። «መብሩክ አስቴር» አለችኝ፤ «አብሽሪ፣ አዲስ አበባ እንደ ጎባ አይበርድም።» ማሩን ሳልከፍተው ሻንጣዬ ሥር ከተትኩት።

አዲስ አበባ በገባሁ በሁለተኛው ወር መምህራችን እነዚያኑ ዓይነት ሕዋሳት አሳዩን። ኢንፌክሽን የቀሰቀሳቸው ሊምፎሳይቶች ነበሩ፤ ከተራዎቹ ተለይተው ለብቻ ይቆጠራሉ። ለሐዋ ልጽፍላት ወረቀት አወጣሁ፤ አልጻፍኩም።

ትናንት ከሰዓት ደወልኩላት። አሁን ሮቤ ውስጥ መድኃኒት ቤት አላት። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት።

«ወላሂ አላስታውሰውም» አለችኝ። «የዶክተሩ መልክ እንኳ ጠፍቶብኛል። ይልቅ ባለፈው ስንደዋወል ያመመኝ ያልሽው ጉልበትሽ እንዴት ሆነ?»

የደወልኩት ይቅር እንድትለኝ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የተሰማኝ ያው የድሮው ቅናት ነው። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩትን፣ እሷ አንድም ቀን አልተሸከመችውም።